ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ስም

ሐምሌ 5

ዝናብ የለም፣ ፀሐይም የለም። የናይሮቢ ሐምሌ እንዲህ ነው... ደመናው ተከድኖ ይውላል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ከኢስትሊ ፓርክላንድስ ዛሬም ሁለት ማታቱ፣ የዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ። ቀበቶ እሰሩ ከተባለ ወዲህ ነጭ ሸሚዝ መልበስ ትቻለሁ። ቀበቶው መቼም ታጥቦ አያውቅ። ረዳቱ ኮንዳ ደግሞ "ማዳም፣ ፉንጋ ምካንዳ!" እያለ ይጮህብኛል። ታሠርኩልህ፣ ሌላ ምን ላድርግ?

ቢሮ ያው ነው። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሠዓሊዎች ለተማሪዎች የሚሆን ሲዲ እያዘጋጀን ነው፤ ድረ ገጽም አብሮ ይወጣል። የኔ ድርሻ ልመና። ለሙዚየሞች እጽፋለሁ፦ እባካችሁ ይቺን ሥዕል እንድናወጣ ፍቀዱልን። ይመልሳሉ፦ ለሲዲ ይሁን፣ ለኢንተርኔት ግን ሌላ ፈቃድ። ለዚህን ያህል ዓመት፣ በዚህን ያህል ስፋት... ጠርዙን አትቁረጡ፣ ስሙን ከሥዕሉ አትለዩ። እንዴ! የኛ ሰው ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ ይሰጥሻል፤ እነዚህ ጥላውን እንኳ አያውሱም።

ስመለስ በጓሮ በር እትዬ አያልነሽ ወጥ ቤት ገባሁ። እንደ ልማዴ፣ ሳላንኳኳ። የምከራየው ክፍል ከምግብ ቤቷ ጀርባ ነው፤ ኑሮዬ ግን ወጥ ቤቷ ውስጥ። እንደ እናቴ አንቺ ነው የምላት።

"ዛሬም ፈረንጆቹ ከለከሉሽ?" ፊቴን አይታ።

"ከለከሉኝ።"

"ተያቸው ምርቄ። ይልቅ ብዪ።"

የሕንፃው ባለቤት አብዱልፈታ መጥቶ ነበር። አፍርሶ እንደ አዲስ ሊሠራው ነው፤ ለሷ ሰፋ ያለ ቤት ሌላ ቦታ ሊሰጣት። እምቢ አለች። ዘንድሮም እምቢ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ወንድሟ ይድነቃቸው። በደርግ ጊዜ ሞያሌን አብረው ተሻገሩ፣ እዚሁ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ኖሩ፣ ከዚያ እሱ አውሮፓ ሄደ። ሠዓሊ ነው። ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመታት አልፈዋል። ሌላ ዘመድ የላትም፣ ባልም ልጅም የላት። እሱ የሚያውቀው ደግሞ ይህን ቤት ብቻ ነው።

"ቤት ቀይሬ ሲመጣ ቢያጣኝስ?" አለች። እንጀራዬን ቆረስኩ።

ሐምሌ 9

ዛሬስ ደስታ ነው!

ሰሜን አውሮፓ ያለ አንድ ሙዚየም የሥዕሎቹን ናሙና ልኮልኛል። እያንዳንዱ የቴምብር ያህል። አንዱን ስከፍት፣ ሌላውን ስከፍት... አንዲት ሴት። አረንጓዴ ሻሽ ያሠረች፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር የምትለቅም። አንገቷን እንዲህ ሰበር አድርጋ። ይህን አንገት እኮ አውቀዋለሁ! ስሙን አየሁ። ይድነቃቸው። የአባቱም ስም ልክ ነው።

ቆዪ እንጂ ምርቃት! መጀመሪያ ጻፊ፣ ጠይቂ፣ አጣሪ... ማን ሊቆይ። ቢሮውን ጥዬ በረርኩ። ምሳ ሰዓት ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል።

"እትዬ! ይድነቃቸው ተገኘ!"

ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። "አትቀልጂብኝ።"

"ሥዕሉ ሙዚየም ገብቷል! አንቺን ነው የሣለሽ። ምስር ስትለቅሚ።"

"ሻሼ ምን ዓይነት ነው?"

"አረንጓዴ።"

እልልታዋን ለቀቀችው! በላተኛው ሁሉ ተነሣ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች። እኔም ሳቅ፣ እኔም ለቅሶ።

ያኔ እዚሁ ቤት ቀናት ሙሉ አስቀምጦ ሥሏታል። አሳየኝ ስትለው "ገና አላለቀም" እያለ፣ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። አይታው አታውቅም። "ሙዚየም ከገባ ትልቅ ሰው ሆኗል ማለት ነው" አለች። "አድራሻውን አምጪልኝ።"

"አመጣልሻለሁ" አልኳት። የዛሬ ምሳ ለሁሉም በነጻ።

ሐምሌ 12

ለሙዚየሙ ጻፍኩ። ሠዓሊውን ማግኘት እንፈልጋለን ብዬ ጨመርኩበት።

እሷ በርበሬ ጀምራለች። ቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል። "የፈረንጅ ምግብ አልጫ ነው። ልጁ እስከ ዛሬ በምን አንጀቱ ኖረ?" ልጁ ትለዋለች... ሃምሳ አልፎታል እኮ። ሲያልቅ ረታ ይልክልናል ብላለች፤ ኢምባካሲ የአውሮፕላን ጭነት ላይ የሚሠራው ረታ።

ሐምሌ 15

መልስ መጣ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

ሲዲው ተፈቅዷል። ድረ ገጹ ግን... ሸራው የኛ ነው፣ የማባዛት መብቱ ግን የሠዓሊው ነው፤ ለኢንተርኔት ባለመብቱ መፈረም አለበት ይላሉ። ሠዓሊው ስላረፉ ወራሽ ፈልገን አላገኘንም። የምታውቁት ዘመድ ካለ አስፈርማችሁ ላኩልን። ከሥዕሉ ግርጌም ይህን ሳትቀይሩ አስፍሩ፦ ስሙ፣ ከስሙ ቀጥሎ 1951–1999።

"ስላረፉ።" በመሐል የገባች አንዲት ቃል።

ክው አልኩ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። አለቃዬ ዋምቡዪ በሩን አንኳኳች። ነገርኳት። "ፖሌ ሳና" ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት በምን ይለቀማል? እልል ያሰኘሁበት አፌ ራሱ ሞተ ሊል ነው?

ቤት ስገባ በርበሬውን ትነፋለች፤ ቅንድቧ ድረስ ቀይ ሆናለች።

"አድራሻው መጣ?"

"ገና ነው እትዬ።"

ከአንገት በላይ ሳቅሁላት። ክፍሌ ገብቼ ትራሱን ነከስኩት።

ሐምሌ 16

ጋሽ ብርሃነመስቀል ሱቅ ሄድኩ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ እንዲህ ያለው ነገር ያለሳቸው አይሆንም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ይድነቃቸውን ያውቁት ኖሯል። "የኔንም ምስል በእርሳስ ሠርቶልኝ ነበር" አሉ።

"ዛሬውኑ እንንገራት ጋሼ።"

"መርዶ ሩጫ አይደለም ልጄ። ሴትየዋ ደም ግፊት አለባት። ፍልሰታም እየገባ ነው። ጾሟን በሰላም ትፈጽም። ከዚያ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው ባለበት... እንደ ወጉ። በስልክ የለ፣ በወረቀት የለ፣ በመንገድ ላይ የለ።"

"እስከዚያ ምን ልበላት?"

"ምንም። ሆድ ይፍጀው።"

ልክ ናቸው፣ አውቃለሁ። ወጋችን ነው። እኔም የአባቴን መርዶ የሰማሁት እንደዚያው ነው፣ በማለዳ፣ በሰው መሐል... ያኔ ግን እኔ ነበርኩ የማላውቀው። አውቆ ዝም ማለት እንዲህ እንደሚያቃጥል ማን ነገረኝ?

ሐምሌ 22

"አድራሻው ከዘገየ እንግዲያው ሥዕሉን አሳዪኝ" አለች። ከዚህ ከየት ይሸሻል?

ቢሮ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ከፈቃዱ ጋር የላኩትን ትልቁን ምስል በባለቀለሙ ማተሚያ አተምኩት። ለኮምፒውተር ብቻ ነው የተፈቀደው፣ በወረቀት ማተም ክልክል ነው። ይክሰሱኝ። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከግርጌው ያ ጽሑፍ አብሮ ወጣ። ስሙና ሁለቱ ዓመታት። እንግሊዝኛ ባታነብ ቁጥር ታነባለች። መቀስ አነሣሁ። ከታች ቆረጥኩት። ቁራጩን ጨምድጄ ቅርጫት ውስጥ... 

ሰጠኋት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለች። ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው።

"አወፈረኝ" አለች በመጨረሻ። ሳቀች። "ይኸ ሰፌድ የጎረቤት ነበር። ሳልመልሰው ቀረሁ።" ጣቷ በሻሹ ላይ ሄደ፣ በአንገቷ ላይ፣ በሰፌዱ... እስከ ታችኛው ጠርዝ። እዚያ ቆመ።

"ከታች ምንም የለውም?"

"የለውም።"

"እሺ" አለች። ሰቀለችው፣ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ፣ ቀና ስትል የምታየው ቦታ። ሰው እንዲያይላት አልጠራችም። ገርሞኝ ነበር።

ሐምሌ 25

"አድራሻውስ?" "ገና።"

ሐምሌ 29

ዋምቡዪ ጠራችኝ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ድረ ገጹን በነሐሴ ማለቂያ ማየት ይፈልጋሉ። "ወራሿ ያንቺው የቤት አከራይ አይደለች? አስፈርሚያት።"

"መሞቱን አታውቅም እኮ!"

"ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው። ምን እንደሆነ መንገር የለብሽም። ታምንሻለች።"

ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሥራ ነው የጨነቃት። ፎርሙን በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ። ለምን ይዤው መጣሁ? አላውቅም። እውነቱን ልናገር... ለአንድ አፍታ አስቤዋለሁ። እዚህ ጋ ፈርሚልኝ እትዬ፣ የሥራ ጉዳይ ነው። ሳትጠይቅ ትፈርማለች። የወንድሟ ወራሽ ነኝ ብላ፣ ወንድሟ በሕይወት ያለ መስሏት።

ከቦርሳዬ ጫፉ ወጥቶ ኖሯል። አየችው። "ምንድነው? የምትነግሪኝ ነገር አለ?"

"የለም። የቢሮ ወረቀት ነው።"

አየችኝ። ረጅም አስተያየት። ከዚያ ወደ ድስቷ ዞረች።

ሐምሌ 30

ለዋምቡዪ አልችልም አልኳት። ከድረ ገጹ ይቅር፣ ቦታውን በሌላ ሙዪው። ተቆጣች። ትቆጣ። ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ሁልጊዜ አጥባ የምትለብሰው ነጠላ ነበራት... አሁን በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በአሮጌው፣ በቆሻሻው ነጠላ ነው። ከቅዳሴ መልስም እህል ውሃ አትቀምስም። "ጾም ነው" ትላለች። ከሰዓት በኋላም ጾም ነው? መክሳቷን አይቼ ለጋሽ ብርሃነመስቀል ነገርኳቸው። "ሱባኤ ይዛ ይሆናል" አሉኝ።

ረታ በርበሬውን ሊወስድ መጣ። ሰው አግኝቷል፣ ነገ ይበርራል። ምን ብዬ ላስቀር? እሷ ግን "ይቆይ" አለች። "ሰው ሲጠይቀኝ እሰጣለሁ።" ረታም ሄደ። እፎይ አልኩ። እፎይ! ለምን እንዳስቀረችው እንኳ አልጠየቅሁም።

ነሐሴ 8

ዛሬ አድራሻ አልጠየቀችኝም።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ዶሮ ሠርታ ለሰው አበላች። ራሷ አልነካችውም። ጋሽ ብርሃነመስቀል በጆሮዬ፦ "ከነገ ወዲያ፣ ማለዳ።"

ነሐሴ 18

ልጽፈው። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ሳይነጋ ተሰበሰብን። ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ ቄሱ፣ ረታ፣ የእድሩ ሴቶች... ኮሪደሩ ሞላ። ጋሼ አንኳኩ። ወዲያው ከፈተችው። ጥቁር ለብሳለች። ራሷን በጥቁር ሻሽ አሥራለች። የምግብ ቤቱ ወንበሮች ሁሉ ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል፣ ጠረጴዛዎቹ ወጥተዋል።

"ግቡ" አለች።

እርስ በርሳችን ተያየን። ጋሼ ጀመሩ፦ "አያልነሽ፣ እንግዲህ ሰው ሁሉ መንገደኛ..."

"አያዙሩብኝ ጋሼ። ስሙን ጠርተው ይንገሩኝ።"

"ይድነቃቸው ዐርፏል።"

ያኔ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። "ወንድም ጋሻዬ! ሳላየው ጠቅልለህብኝ ሄደህ! እኔ ቤት ሳልለውጥ ስጠብቅህ!" ደረቷን ስትመታ አራት ሴት አልያዛትም። ሁላችንም አብረን ወደቅን። ፀሐይ እስክትወጣ።

ስትደክም ከጎኗ ተቀመጥኩ። እጇን ልይዝ። ዞራ ሳታየኝ፣ በተዘጋ ድምፅ፦

"ሦስቱ ጠርዝ ነጭ አለው። የታችኛው የለውም።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ሰማይ ተደፋብኝ።

"የሠዓሊ ስም የሚቆረጠው ምን ቢጻፍበት ነው? ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ብቻዬን ብጮህ ማን ይይዘኛል? ሳይነገርስ እንዴት ይለቀሳል? እንባዬን ይዤ እንጀራ ስሸጥ ከረምኩ። አድራሻውን የጠየቅሁሽ እኮ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። መንገድ ስጠርግልሽ ነበር።"

"እትዬ... ጋሼ ጠብቂ ብለውኝ..."

"እሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ወጋቸውን አደረጉ። አልቀየምኳቸውም። አንቺ ግን ከማዕዴ እየበላሽ ነው።"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነሐሴ 20

ሣልስት። ለቀስተኛው ብዙ ነው፣ ወጥ አለቀ። ሴቶቹ በርበሬ ፍለጋ ሲተራመሱ ካለችበት ፍራሽ ላይ ቀና ሳትል "ያንን ክፈቱት" አለች። ለሱ ያዘጋጀችውን። ማንም ሊነካው አልደፈረም። "ክፈቱት። ለሱ አይደል የመጣችሁት?"

ረታ ከፈተው። የልቅሶው ወጥ በሱ ተሠራ። እኔም በላሁ። ለይድነቃቸው የተሰናዳ ነውና ማስተረፍ ነውር መሰለኝ።

ነሐሴ 29

እንደ ድሮው በጓሮ ገባሁ። ብቻዋን ነበረች።

"ያ ወረቀት ምን ነበር? በቦርሳሽ የነበረው።"

ሁሉንም ነገርኳት። ሸራው የሙዚየሙ እንደሆነ፣ መብቱ ግን የሱ፣ አሁን ደግሞ የሷ። ካልፈቀደች ኢንተርኔት ላይ እንደማይወጣ።

"እኔ? ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሄደ ሥዕል የኔን ቃል ይጠብቃል?"

"ያንቺን።"

"ኢንተርኔት ላይ ማን ያየዋል?"

"የፈለገ ሰው ሁሉ።"

"ስንት ጊዜ?"

"አምስት ዓመት። ከዚያ እንደገና ይፈረማል።"

"እስከዚያ እኔ ካለሁ" አለች። "ወረቀቱን አምጪ። ሰው ይየው። ግን ስሙንም ሞቱንም ከሥሩ ይጻፉ። ምንም እንዳይቆርጡ።"

"መቁረጥ አይፈቅዱም እትዬ። ስሙን ከሥዕሉ አትለዩ ይላሉ።"

"ደግ አደረጉ" አለች።

ስነሣ ጠራችኝ። "ምርቃት።" ምርቄ አላለችኝም። "ከእንግዲህ ስትመጪ አንኳኪ።"

በቁጣ ቢሆን እሸከመው ነበር። ለደንበኛ እንደምትናገረው ነው፣ በጨዋ ድምፅ።

ጳጉሜ 3

ፈረመች። ላክሁት። ዋምቡዪ ሥዕሉን ቦታው መለሰችው። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... አይደል?

ለሙዚየሙም ጻፍኩ፦ አንድ ቅጂ በወረቀት ለማተም ፍቀዱልን። ወራሿን ካስፈቀድሽ በኛ በኩል ግድ የለም አሉ። እሷን በረታ በኩል አስጠየቅሁ። በራሴ አፍ አልደፈርኩም። ረታ መልሷን አመጣልኝ፦ "ታትመው። ሙሉውን።"

መስከረም 6

አዲስ ዓመት ያለ እልልታ አለፈ።

አብዱልፈታ ያሳያትን ቤት ተቀበለች። ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፣ ሰፊ፣ መስኮት ያለው። ዕቃ ሲጫን በሩቅ ቆሜ አየሁ። ረታ "እንዴት እሺ አልሽ?" ሲላት ሰማሁ።

"ከእንግዲህ ማን ያጣኛል?" አለችው።

ክፍሌ እስከ ወሩ መጨረሻ የኔ ነው፤ ከዚያ ይፈርሳል። ወጥ ቤቱ ባዶ ነው። ገብቼ ቆምኩ። ግድግዳው አሁንም በርበሬ በርበሬ ይላል።

መስከረም 13

ድረ ገጹ ተከፈተ። ቢሮ ውስጥ አጨበጨቡ። እኔ አንዱን ገጽ ብቻ ከፈትኩ። አረንጓዴ ሻሽ፣ ሰፌድ፣ ምስር። ከግርጌው ስሙ፣ ሁለቱ ዓመታት፣ "በእህታቸው በወይዘሮ አያልነሽ ፈቃድ"። ብዙ አለቀስኩ። በዚያ መቀስ ምን ነበር የነካኝ?

አዲሱን ቅጂ በደንብ አተምኩት። አራቱም ጠርዝ ነጭ አለው። አስለበጥኩት፣ ይዤው ሄድኩ።

የጓሮ በር አለው አዲሱ ቤትም። ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ጭልፋ ድስት ሲነካ ይሰማል። ብገፋው ይከፈታል። ድሮ ቢሆን ገና ከመንገድ ላይ "እትዬ!" እያልኩ ነበር የምገባው።

አንኳኳሁ።

ጭልፋው ዝም አለ።

"ማነው?" አለች።

ስንት ዓመት ስገባ ስወጣ፣ ማነው ብላኝ አታውቅም።

"ምርቃት ነኝ" አልኩ፣ ሥዕሉን በሁለት እጄ ይዤ።